አንዴ ከሆዴ፣ አንዴ ከክንዴ

መስታወት ቆራጩ ልጅ ሳለ በጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ወድቆ ጭኑ እስከ አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። ሆስፒታል ሲያደርሱት ከንፈሩ ነጥቶ፣ ዓይኑ ተገልብጦ ነበር አሉ። በሆስፒታሉ የሚሰጥ ደም አልነበረም። የእናቱ ደም ታይቶ ይስማማዋል ተባለና ከእሷ ክንድ ቀድተው ለእሱ ሰጡት። ሳይመሽ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ።

እናቱ ይህን ነገር ሳታነሳ ያለፈችበት አጋጣሚ የለም። ሲያገባ ለሙሽራዋ ነገረቻት። ልጅ ሲወልድ ለአዋላጇ ነገረቻት። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ እንኳ አንድ እግሩን ደጅ አንድ እግሩን ቤት አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰምቷታል። እጅጌዋን ወደ ላይ ትሰበስብና «ይኼን ልጅ ሁለት ጊዜ ነው የወለድኩት፤ አንዴ ከሆዴ፣ አንዴ ከክንዴ» ትላለች። ቃሏን ካልሰማ ደግሞ «ደሜን መልስ» ትለዋለች። እሱም በጠርሙስ ነው በጆግ ይላታል። ይሳሳቃሉ።

አሁን አርባውን አልፏል። ከሚስቱ፣ ከትንሽ ሴት ልጁና ከእናቱ ጋር አንድ ግቢ ይኖራል፤ እናቱ ጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ይዛለች። ሥራው ለመስኮትና ለበር፣ ለፎቶ ክፈፍና ለመታያ መስታወት መቁረጥ ነው። ሱቁን የሚጋራው ባልንጀራው ለሁሉ ነገር ተረት ስለማያጣ ሰፈርተኛው «ተረቱ» ይለዋል።

አንድ ቀን የጤና ባለሙያዎች መጥተው በሱቆቹ መደዳ ጫፍ ድንኳን ተከሉ። የጉበት በሽታ ምርመራ ነው፣ የምትወጉት ጣታችሁን ብቻ ነው፣ በነፃ ነው እያሉ በድምፅ ማጉያ ለፈፉ። መስታወት ቆራጩ መሄድ አልፈለገም፤ ምንም የሚያመው ነገር የለም። ተረቱ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብሎ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ደግሞ ለእኛ ጣት መወጋት ምን አዲስ ነገር ነው አለው። እውነቱን ነው፤ መስታወት ቤት ደም ሳይፈስ የሚመሽበት ቀን ጥቂት ነው።

ተረቱን ወዲያው ነፃ ነህ አሉት። መስታወት ቆራጩን ግን ነርሷ ከመጋረጃው ወዲያ ወሰደችውና ወንበር ሰጠችው። ወንበር ሲሰጡት ያኔ ልቡ ደነገጠ። ነርሷ በእርጋታ አስረዳችው፦ የሄፓታይተስ ሲ ምልክት ታይቷል፤ ይህ ምርመራ የሚናገረው ግን ቫይረሱ አንድ ወቅት ደሙ ውስጥ እንደገባ ብቻ ነው። የአንዳንዱ ሰው አካል ራሱ አሸንፎ ያስወጣዋል። አሁን መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ከደም ሥር ተቀድቶ በሚደረግ ሌላ ምርመራ ነው። ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ለብዙ ዓመት ይዞት ይኖራል፤ ስለዚህ አላመመኝም ማለት የለኝም ማለት አይደለም አለችው። እሱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ግማሹን አልሰማም። ለሆስፒታሉ ቀጠሮ የጻፈችለትን ወረቀት አጣጥፎ በካልሲው ውስጥ ከተተው። ኪስ እያለው ለምን ካልሲ እንዳሰበ እሱም አያውቅም።

ውጭ ተረቱ ምን አሉህ ሲለው፣ ጤነኛ ነህ አሉኝ አለው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት አላሳረፉትም። ሆስፒታል ሄዶ ደሙን ሰጠ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቅ ተባለ። መስታወት ሲቆርጥ መስመሩን ቀጥ አድርጎ ያሰምርና፣ ሊሰብረው ሁለት እጁን ጠርዙ ላይ ሲያሳርፍ ጣቱን ብቻ ያያል። በመጨረሻ የፈራው ደረሰ፤ አውራ ጣቱን ሸረከተው። ተረቱ እንደ ልማዱ ጨርቅ ይዞ ሊጫንለት ሲመጣ፣ መስታወት ቆራጩ በክርኑ ገፋውና «አትንካኝ!» አለው። ተረቱ ወደ ኋላ ሄዶ ከመደርደሪያው ጋር ተጋጨ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። መስታወት ቆራጩ ጣቱን በአንድ እጁና በጥርሱ አሰረና ጠረጴዛውን በበረኪና አጠበው፤ ደረቀ፤ እንደገና አጠበው።

ቤትም ሲገባ ሰላም የለውም። በመታጠቢያው መስታወት ሥር የጥርስ ብሩሾቹ በአንድ ብርጭቆ ተደርድረው ይቆማሉ። የእሱን አወጣው። ምላጩንም አነሳ። ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበትን የጥፍር መቁረጫም ወሰደው፤ ሦስቱንም ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ደበቃቸው። ልጁ ልትስመው ስትመጣ ጉንፋን ይዞኛል እያለ ጭንቅላቷን ይዳብሳል።

ሚስቱ ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ብሩሹንና ምላጩን አገኘች። አልጮኸችም፤ አልጋው ላይ ደርድራቸው ጠበቀችው። ሲገባ ዕቃዎቹን እያየች፣

«ልትሄድ ነው?» አለችው።

«የት ነው የምሄደው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ምላጭና ብሩሽ ይዞ የሚዞር ወንድ ሌላ ማደሪያ ያለው ነው።»

እሱም ያን ጊዜ፣ ሌላ ማደሪያስ በኖረኝ ብሎ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ እየሰማች ሁለት እጇን በጉልበቷ መካከል አጣብቃ ቆየች። የመጀመሪያ ቃሏ «ልጅቷስ?» የሚል ነበር። በማግስቱ እሷም ልጅቷም ተመረመሩ። ሁለቱም ነፃ ናቸው ተባለ። የዚያን ዕለት መስታወት ቆራጩ ሽንት ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ።

የውጤቱ ቀን ሲደርስ ሚስቱ ሥራ ነበረባት፤ ብቻውን ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ቫይረሱ እንዳለ ነገረችው። እሱ ሳይታወቀው ሊነሳ ሲል በእጇ አስቀመጠችውና «ይድናል እያልኩዎት ነው፤ አልሰሙኝም» አለችው። ጉበቱም በመሣሪያ ተለክቶ ብዙም አልተጎዳም ተባለ። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ እንክብል ለሦስት ወር ይወስዳል፤ ከጨረሰ ከሦስት ወር በኋላ ደሙ እንደገና ይታያል፤ አብዛኛው ሰው በዚሁ ፈጽሞ ይድናል። አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በመሳሳም አይተላለፍም፤ ደም ከሚነካው ነገር፣ ከምላጭና ከመርፌ ብቻ ይጠንቀቅ።

እንደ ሸክም የተጫነው ነገር ከትከሻው ወረደለት። ደስታ ሰውን ወሬኛ ያደርገዋልና፣ ለመሆኑ ከየት አገኘሁት ብሎ ራሱ ጠየቃት። ሐኪሟ ቀዶ ሕክምና አድርገው ያውቃሉ፣ መርፌ በየመንደሩ ተወግተዋል፣ ደም ወስደዋል እያለች ቆጠረች። ደም ስትል ሳቀ።

«ደምስ የእናቴን ነው የወሰድኩት» አለ፤ እንደ እናቱ ኮራ ብሎ።

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት። ያን ጊዜ ደም ለዚህ በሽታ አይመረመርም ነበር አለች። ከዚያው ሆስፒታል መርፌም ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ በእርግጠኝነት ከዚህ ነው ብሎ የሚምል ሰው የለም፤ «ግን እናትዎ ካሉ መመርመር አለባቸው። ከያዛቸው ከእርስዎ በፊት ነው የያዛቸው» አለችው። ቀጥላም ቶሎ ይደክማቸዋል ወይ፣ ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል ወይ፣ እግራቸው ያብጣል ወይ ብላ ጠየቀች።

እንክብሉን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ መሀል ላይ ቆመ። ያሳክካታል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ክንዷን እንዳከከች ነው የምትውለው። ልብስ ማጠብ ትጀምርና መሀል ላይ ትቀመጣለች። ወደ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የካልሲዋ ላስቲክ ጎድጉዶ ይታያል። እርጅና ነው ትላለች። እነሱም እርጅና ነው ብለው አምነዋል።

ሕክምናውን ጀመረ፤ ግን በድብቅ ሱቅ ውስጥ ነው የሚውጠው። እንክብሏ በጉሮሮው ስትወርድ ከእናቱ ነጥቆ የሚበላ ይመስለዋል። ነገ እነግራታለሁ ይላል። ነገ ሲሆን ወይ ደክሟት ተኝታለች፣ ወይ ስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ እንዴት አድርጎ? ለሰው ሁሉ ስትናገረው የኖረችውን ነገር፣ የሕይወቷን ትልቅ ሥራ፣ አንድ ቃል ተናግሮ ሊያበላሽባት ነው። እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ። ሚስቱ በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ብታውቅ ታዝናለች። ባታውቅ ትሞትብሃለች» አለችው። «ሁለቱ እኩል ሆነው ነው የምትመዝናቸው?»

ይሁን እንጂ ፊት ለፊት መናገሩን አልደፈረም፤ ዘዴ ፈለገ። እናቱን ግፊትሽን እናስለካ ብሎ ወደ ሆስፒታሉ ወሰዳት። ከድንኳኑ የሚያውቃት ያችው ነርስ ነበረች። እናቱ እጅጌዋን እየሰበሰበች ሳለ ወደ ነርሷ ጆሮ ጠጋ ብሎ ያንን ምርመራ አብረሽ አድርጊላት፣ እሷ አታውቅም አላት። ነርሷ የያዘችውን ማሰሪያ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ክንዱ የእሳቸው ነው። ወጣ ብለው ይንገሯቸው፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» አለችው።

ኮሪደሩ ላይ ቀለሙ የተላጠ አግዳሚ ወንበር ነበር። እዚያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በፊታቸው ጎማው የሚያንቋርር አልጋ እየተገፋ አለፈ። አልጋው እስኪያልፍ ቆየና ነገራት። ተመረመርኩ፣ ተገኘብኝ፣ መድኃኒት አለው አላት። እናቱ አላቋረጠችውም።

«የወፍ በሽታ የሚሉት ነው?» አለች።

«ጉበት ነው የሚይዘው እማዬ፤ ዓይን ቢጫ ሳያደርግም ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።»

«ትድናለህ ግን?»

«እድናለሁ። ጀምሬያለሁ።»

«ተመስገን። ከማን ያዘህ?»

ዓይኑ ብቻ ሳያስበው ወደ ክንዷ ሄደ። እሷም ዓይኑን ተከትላ ክንዷን አየች። ቀስ ብላ እጅጌዋን አወረደች፤ ቁልፉንም ቆለፈች።

«ቤቴ ውሰደኝ» አለች።

ሳትመረመር ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ከእነሱ ጋር ገበታ አልቀረበችም። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ ለይታ ወደ ክፍሏ ወሰደች፤ ለብቻዋ ትበላለች፣ ለብቻዋ ታጥባለች። የልጅ ልጇ ስትመጣ በሩን ገርበብ አድርጋ አያትሽን አሟታል፣ ሂጂ ትላታለች። ልጅቷ ምን አጠፋሁ ብላ በሩ ሥር ተቀምጣ አነባች። መስታወት ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ በምግብ አይተላለፍም፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም እያለ ለመነ። ከውስጥ ሰማሁ ትላለች። አንድ ቀን በመስኮቱ ሲያያት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ሆዷ ከወትሮው ከፍ ያለ መሰለው። ከፍ ብሏል ወይስ አቀማመጧ ነው? ሲያሰላስል ዋለ።

በዚያው ሰሞን የሆቴል ትልቅ መስታወት ሲያነሳ ለቀቀው። መስታወቱ ወለሉን ሞላ። ከዚያ ከጣቱ ነገር ወዲህ ከሥራ ጉዳይ በቀር ያላነጋገረው ተረቱ መጥረጊያ አምጥቶ ቆመ፤ አልጠረገም።

«እኔን ጠልተህ እንደሆነ ሱቁን እንካፈል» አለው። «ሌላ ነገር ከሆነ ግን ንገረኝ።»

መስታወት ቆራጩ ስብርባሪው መሀል እንደ ቆመ ነገረው። የራሱንም የእናቱንም። ተረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረት አጣ። ከዚያ ይህን ሁሉ ብቻህን ተሸክመህ እኔን በክርንህ ነው የምትደቃኝ አለና እናትየዋ እየበላች እንደሆነ ጠየቀ። እምብዛም አትበላም ሲለው መጥረጉን ጀመረ። ሥራውን እኔ አደርሰዋለሁ፣ አንተ ሂድ፣ እዚህ ቆመህ የሚቀረውን ደግሞ ትሰብረዋለህ አለው።

ቤት ሲደርስ ቀትር ነበር። በሩን ሳያንኳኳ ገባ። እናቱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የጀመረችው ሻይ በርጩማው ላይ ነው። ብርጭቆውን አንስቶ እሷ ከጠጣችበት በኩል ጠጣው። ልትቀማው ተወርውራ ተነሳች፤ ግን ድካሙ መለሳት።

«አትጠጣ ልጄ፣ አትጠጣ» አለች።

«ነግሬሻለሁ እማዬ፤ በብርጭቆ አይሄድም።»

«አውቃለሁ። ሚስትህም ነግራኛለች፣ እሷ ካንተ ትሻላለች አስረድታ ትናገራለች። ብርጭቆውን መስሎሃል እኔ የፈራሁት?» ክንዷን አከከች፤ እሱ እያያት መሆኑን ስታውቅ ተወችው። «ብመረመርና ቢገኝብኝስ? ያን ሁሉ ዓመት መርዝ ሰጥቼህ ነው አመስግነኝ ስልህ የኖርኩት? ሰው ሰብስቤ ስፎክር የኖርኩት?»

አጠገቧ ተቀመጠ።

«ያን ቀን የጎደለኝ ጤና አልነበረም፤ ማታውን ማየት ነበር» አላት። «አሳየሽኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ሚስቴም ልጄም፣ በዚያ ደም የመጣ ነው። ከደሙ ጋር ሌላ ነገር ገብቶ እንደሆነ እሱን ለእንክብሉ ተይለት።»

«ሐኪሟ ናት እንዲህ ያለችው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሐኪሟስ ምን አለች?»

«ሐኪሟማ ተመርመሪ ነው የምትለው።»

ደጅ ልጅቷ ለአሻንጉሊቷ ስትዘፍን ይሰማል። እናቱ ጥቂት አዳመጠችና እመረመራለሁ አለች፤ ነገር ግን ውጤቱን ከማንም በፊት እኔ ልስማው፣ አንተ ውጭ ትጠብቀኛለህ አለች። እሺ አላት።

የውጤቱ ቀን ያው የተላጠ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናቱ ከገባች ቆየች። የገቡት እየወጡ፣ ከእሷ በኋላ የመጡት እየተጠሩ ሄዱ። የእሱ ውጤት ሲነገር ይህን ያህል አልቆየም ነበር። ምን ይሆን የሚነግሯት? ለመንገር ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ነገር ደግ ነገር ሊሆን አይችልም። ሁለት ጊዜ ተነስቶ እጀታውን ያዘ፤ ሁለት ጊዜም ቃሉን አስቦ ተመለሰ።

በሩ ሲከፈት ፊቷን አየ፤ ምንም አላነበበበትም። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አለ» አለች።

ራሱን በእጆቹ ያዘ። እናቱ እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች፤ ልጅ ሳለ ትኩሳቱን ስትለካ እንደምታደርገው። ከዚያ በዝግታ የተነገራትን ነገረችው። ጉበቷ ጠባሳ ይዟል፤ ግን ሥራውን አልተወም። ሆዷ ውስጥ ውሃ አልቋጠረም፤ አይተውታል። እሷም የእሱን ዓይነት እንክብል ትወስዳለች። ሐኪሟ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ የምነግርዎት ሌላ ነበር ብላታለች። የቆየሁት እኮ ጥያቄ ሳበዛባት ነው አለችው። ስለ ደሙም ጠይቃታለች፤ ሐኪሟ፣ እኔም እናት ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር ብላ መለሰችላት። «ልጅ የላትም እኮ፤ ለማጽናናት ነው» አለች እናቱ። ቢሆንም ደስ እንዳላት ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ መዋጡ በአንድ ገበታ ሆነ። እናቱ የራሷን ከመዋጧ በፊት የእሱን አፉ ውስጥ ካላየች አታምንም። እሱ ቀድሞ ጨረሰ፤ ከወራት በኋላ ደሙ ሲታይ ቫይረሱ የለም ተባለ። የእሷን እስኪያዩ የቀሩት ወራት ግን ከራሱ ይልቅ ከበዱበት። ራሷን ባመማት ቁጥር፣ ምግብ ባስቀረች ቁጥር እንቅልፍ ያጣል። በመጨረሻ የእሷም ደም ጠራ። ማሳከኩ ተዋት፤ ልብስ ማጠቡንም መሀል ላይ አታቋርጥም። ተረቱ የራሱን ሚስትና ታላቅ ወንድሙን ወስዶ አስመረመረ። እናቱ ደግሞ ጎረቤት ሴቶቹን ደም ወስደሽ ታውቂያለሽ፣ የመንደር መርፌ ተወግተሻል፣ እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ እያለች አላስቀምጥ አለቻቸው።

ሐኪሟ ግን ሁለት ነገር አስጠንቅቃለች። መድኃኒቱ ያድናል እንጂ ዳግም እንዳይዝ አይከላከልም፤ ስለዚህ ምላጭ የየራስ ነው። የእናቱ ጠባሳ ደግሞ ቫይረሱ ቢጠፋም ወዲያው አይጠፋም፤ ክፉ ዕጢ ቢበቅልበት ቶሎ እንዲታወቅ በየስድስት ወሩ ጉበቷ በአልትራሳውንድ ይታያል።

በነዚያ ቀኖች መስታወት ቆራጩ ሱቁን ለተረቱ ትቶ አብሯት ይሄዳል። እሷ ትገባለች፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ይቀራል። ተለምዶ ቀላል ይሆናል ብሎ ነበር፤ አልሆነም። ባለፈው ጊዜም ዓይኑ በሩ ላይ ተተክሎ ቆየ። እናቱ ሆዷን በወረቀት እየጠረገች፣ የሚቀቡኝ ነገር ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው እንዴት አያሞቀውም እያለች ወጣች።

«ምን አሉሽ?» አላት።

«ምንም የለም አሉ። ቀጠሮ ሰጥተውኛል።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ተነስ እንጂ፤ እርቦኛል።»

ተነሳ። እሷ ግን ቀድማው ኮሪደሩን ይዛ ሄደች።